ከኮረብታው የታየው ብርድ ልብስ

ከቀያሹ ጋር ያስተዋወቀን የእኔ ጥፋት ነው።

ያኔ የምሠራው አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ማሽን፣ አንድ መጠረዣ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ወረቀት የሚበትን ነፋስ። እሱ በየሳምንቱ ማክሰኞ የመሬት ካርታ ሊያባዛ ይመጣል። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ አይጠፋም። አንድ ማክሰኞ ካርታዎቹን ይዞ በወጣ በሰዓቱ ተመልሶ መጣ። ማስመሪያ አውጥቶ ካርታው ላይ አስተኛና ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ይቺ ማሽን ካርታዬን አክስታዋለች።»

እውነቱን ነው። የወረቀቱ ጠርዝ እንዳይቆረጥ ብዬ ማሽኑን ዘጠና ሰባት በመቶ ላይ አድርጌው ነበር። ለማመልከቻ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ካርታ ሲሆን ግን መቶው ሜትር ዘጠና ሰባት ሜትር ይሆናል። እሱ ይህን ሲያስረዳኝ እኔ በሐሳቤ ከሥራ ተባርሬ፣ ልጄን አዝዬ በየበሩ ሥራ ስጠይቅ ነበር። እንባዬ መጣ።

«ምነው? ሰው አልሞተም እኮ» አለኝ ደንግጦ። «በዚህ ብንሠራ የአንድ ሰውዬ ሽንት ቤት አስፋልት መሃል ይወጣል። ከዚያ አያልፍም።»

በእንባዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያባዛሁለትን ካርታ በማስመሪያ ሳልለካ አልሰጠውም፤ እሱም ስለካ ቆሞ ያየኛል። ቀጥሎ ሐሙስ ሐሙስም መምጣት ጀመረ። የሚያባዛው ሲያጣ አንድ ቀን የአውቶቡስ ትኬቱን አባዝቶ ሄደ።

የልጄ አባት የሞተው አምፖል ሊገዛ ወጥቶ ነው። ሱቁ ከቤታችን ማዶ ነበር። «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ መኪና ገጨው፤ አልመጣም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። ከዚያ በኋላ ሰው «መጣሁ» ባለኝ ቁጥር ልቤ ከእግሩ እኩል ይወጣል። ልጄ ብታስነጥስ ሳንባዋ ነው እላለሁ። እማዬ፣ አብራን የምትኖረው እናቴ፣ አምስት ደቂቃ ብትዘገይ የት ሆስፒታል እንደምጠይቅ አስባለሁ። እማዬም ያው እንደ እኔ ናት። አንዳችን ስንረጋጋ ሌላችን እንተካለን።

ቀያሹ ይህን ሁሉ አወቀና አልሸሸም። «አምቡላንስ» እያለ ይጠራኛል። ልጄን ድንቡሼን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ነው የገዛት፤ በዚያ በሚጠቀለል ሜትሩ። የአሻንጉሊቷን እግር፣ የድመቷን ጅራት፣ በመጨረሻም የራሷን ምላስ አስለካችው። ምላሷ ሦስት ሴንቲ ተኩል ሆነና ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤት ስታወራ ከረመች። ስሙንም ለውጣ «ጋሽ ሜትር» አለችው።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ የሚያባዛው ምንም ሳይዝ መጣ።

«እሁድ አንድ ቦታ ልውሰድሽ» አለኝ። «ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ታውቂዋለሽ?»

«ሰው የሚወጣው ትልቁን ተራራ አይደል እንዴ?»

«ሰው ትልቁን ይውጣ። ይሄኛውን የምናውቀው ቀያሾች ብቻ ነን፤ ጫፉ ላይ የልኬት ምልክት ተክለንበታል። ጠዋት ወጥተን ማታ ሳይሆን እንመለሳለን። የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«እዚሁ ንገረኛ።»

«እዚህ ማሽኑ ይጮሃል» አለኝ።

ሊለየኝ ነው አልኩ። ወይ ታሟል፤ ወይ ሌላ አግኝቷል። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልዋጥልሽ አለኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ድንቡሼ ነበረች። ከሥራ በስተቀር ከእሷ ርቄ ውዬ አላውቅም፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ከእማዬ ጋር ተማከርን። የምንኖረው አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበላያችን ያለው ልብስ የምናሰጣበት ጣሪያ ብቻ ነው። ድንቡሼ አንድ ነገር ከሆነች እማዬ ቀዩን ብርድ ልብስ ጣሪያው ላይ ባለው ገመድ ትሰቅላለች፤ እኔ ከላይ አየዋለሁ።

ለቀያሹ ስነግረው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«በባዶ ዓይን አይታይሽም» አለኝ። «ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አለኝ፤ እሱን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከኮረብታው ግርጌ ደረስን። ቦርሳዬን ሊይዝልኝ ተቀበለኝና ጎበጥ አለ።

«ቤቱን ነቅለሽ ነው የመጣሽው? ምንድን ነው ያለው?»

«ውሃ፣ ዳቦ፣ እንቁላል። ፋሻ፣ የቁስል አልኮል፣ የሆድ መድኃኒት። ፊሽካ። ገመድ።»

«ገመዱ ለምን ነው?»

«ገደል ብትገባስ?»

«ይሄ ኮረብታ ገደል የለውም እኮ።»

«እስካሁን አላየህም ይሆናል።»

ራሱን ነቀነቀና ቦርሳውን ተሸክሞ ቀደመኝ።

መንገዱ ሰው የረገጠው አይመስልም። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጤዛው ቀሚሴን አርሶታል። ከእግራችን ኮሽታ በቀር የሚሰማ የለም። እኔ ጫጫታ የለመድኩ ነኝና ዝምታው መጀመሪያ ጆሮዬን አመመኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ትከሻዬ ቀለል አለኝ። እሱ በየመታጠፊያው ዞር ብሎ ያየኛል። ሳየው ደግሞ ዛፍ የሚቆጥር ይመስል ፊቱን ያዞራል።

አንድ የሚያዳልጥ አለት ላይ እጁን ሰጠኝ። አለቱ አለቀ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። እኔም አላስታወስኩትም።

ዛፎቹ ክፍት ባሉበት ሁሉ መነጽሩን እየተቀበልኩ የቤታችንን ጣሪያ እፈልጋለሁ። ነጭ አንሶላ፣ የጎረቤት ሱሪ። ቀይ የለም።

«ደህና ናት?» ይለኛል።

«ደህና ናት።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን ትሆናለህ፣ በሬ።»

ሳቀ። እውነትም ለእሱ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ጫፉ ላይ የደረስነው አምስት ሰዓት ገደማ ነው። የወገብ ቁመት ያላት የሲሚንቶ ምሰሶ አለች፤ «የልኬት ምልክት» ያለኝ እሷን ነው። እሷን ተደግፈን እንቁላል ላጥን። እሱ የእሱን እንቁላል ልጦ ሲያበቃ አልበላውም፤ እጁ ላይ ያገላብጠዋል። መጣ አልኩ። ይኸው መለያየታችን መጣ።

«ሥራ ተመድቦልኛል» አለኝ። «ሩቅ ነው። ግድብ የሚሠራበት ቦታ። አምስት ዓመት። የፊታችን ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«መልካም» አልኩት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ለባለትዳር ቤት ይሰጣሉ። ሁለት ክፍል። ባለፈው ወር ለመስክ ሥራ ነው የምሄደው ያልኩሽ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አራት መቶ አሥር ሜትር ነው፤ የሚሻገር መንገድ የለውም። እስከ ጤና ጣቢያው ስድስት መቶ ሰባ። ነርሷን አነጋገርኳት፤ ማታም ትከፍታለች። ጉድጓድ የለም፤ ወንዙ በአጥር የተከለለ ነው። አጥሩን ዞሬ አየሁት፤ አንድ ቦታ ተቀዶ ነበር፤ እንዲሰፉት አደረግሁ።»

ነፋሱ የእንቁላሉን ቅርፊት ወሰደው።

«እንድታገቢኝ ነው የምጠይቅሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ድንቡሼን ይዘን፣ ሦስታችን።»

በሕይወቴ ፍርሃቴን እንዲህ አንድ በአንድ ለክቶ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ሁሉ «አትፍሪ» ነው የሚለኝ። እሱ ሄዶ አጥሩን ዞረ። የምለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እሺ። ሁለት ፊደል ነው። ግን ደስታው በዛብኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ልጄን ልይ አልኩ።

«አንዴ ልያትና እመልስልሃለሁ።»

መነጽሩን አነሳሁ። ጣሪያው ላይ፣ ከአንሶላው አጠገብ፣ ቀዩ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። መነጽሩን ከእጄ ነጥቆ አየና ፊቱ ጠየመ። «በዚህ በኩል እንውረድ፣ ያጥራል» አለኝ። የወረድንበት መንገድ የሚባል አልነበረም፤ እሾህና ልቅ ድንጋይ ነው። ፊት ፊት እየሄደ ቅርንጫፉን በክንዱ ይይዝልኛል፤ ስንሸራተትም ደግፎ ያቆመኛል። አራት ሰዓት የወጣነውን በአንድ ሰዓት ከሩብ ወረድን። ታች ስልኬ ሠራ። ደወልኩ፤ እማዬ አታነሳም። ደገምኩ፤ አታነሳም። ታክሲው ውስጥ እጄን ይዞ ነበር፤ እኔ ግን እጅ እንዳለኝም አላውቅም። ልጄን ቀብሬ ጨርሻለሁ።

በሩን በርግጄ ስገባ ድንቡሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከካርቶን አልጋ እየሠራች ነው።

«እማ፣ መቀሱ አይቆርጥም» አለችኝ።

እማዬ ከወጥ ቤት እጇን በጨርቅ እያደረቀች ወጣች። «ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ብርድ ልብሱ!»

«ውይ!» አለች። «ወተት ደፋችበት። አጥቤ አሰጣሁት። ምልክት መሆኑን ረሳሁት እኮ፣ እኔ ከንቱ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ድንቡሼን አቅፌ ከፀጉሯ እስከ ጥፍሯ ዳበስኳት። ቀያሹ በሩ ላይ ቆሟል። ሱሪው ተቀዷል፤ ክንዱ በእሾህ ተተልትሎ ይደማል። «ተመስገን» አለና ሳቀ፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ከልቡ ሳቀ። እማዬ ውሃ ልስጥህ ስትለው ዓይኑን አላየችውም። ያን ጊዜ አፍራ ነው ብያለሁ።

ልሸኘው ወደ ደረጃው ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆመ።

«አልመለስሽልኝም።»

«አየህ አይደል? ግማሽ ቀን ብለያት…»

«ምንም አልሆነችም እኮ።»

«ብትሆንስ?»

«ይዘናት ነው የምንሄደው። አትለያትም።»

«እዚያስ ብትሆን? እማዬስ እዚህ ብቻዋን ብትሆን? አንተ ራስህ ግድቡ ላይ ብትሆን? እኔ አንድ ሰው ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

ደረጃው ላይ ልብስ ያጠበች ጎረቤት በመካከላችን አለፈች። እስክታልፍ ጠበቅናት። ሰላም አለችን፤ ሰላም አልናት።

«አጥሩን ለክቻለሁ» አለኝ ስትርቅ። «ትምህርት ቤቱን ለክቻለሁ። ‹ብትሆንስ› የምትዪውን ግን በምን ልለካው? ንገሪኝና ልለካው።»

ዝም አልኩ። ዓይኑ በዓይኔ ላይ ቆየ። መልስ የሚጠብቅ ዓይን ነበር፤ ቀስ እያለ መጠበቁን ሲተው አየሁት።

«እስከ ሐሙስ አለሁ» አለኝና ወረደ። የጫማው ድምፅ እስከ ምድር ቤት ድረስ ተሰማኝ።

ሰኞ ሄጄ እሺ ልለው ነበር። ሰኞ ድንቡሼ አሳላት። ማክሰኞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ በእሱ ፈንታ አንድ የማላውቀው የሥራ ባልደረባው ካርታዎቹን ይዞ መጣ። ለካሁለት። ረቡዕ ዝናብ ሆነ። ሐሙስ ሄደ።

ከአራት ዓመት በኋላ እማዬ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ሆነ። ሐኪሙ ቀላል ነው፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች ብሎናል። እኛ ቤት ቀላል የሚባል ነገር የለም። እማዬ እንደማትነሳ ወስናለች፤ ልብሷን አጣጥፋ፣ ቁልፎቿን ለይታ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ሳልነግርሽ ብሞት አፈሩ አይቀበለኝም» አለች። «ያን ጊዜ ድንቡሼ ወተት አልደፋችም።»

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባኝም።

«ኮረብታውን ልትወጡ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ፣ መጥቶ ጠየቀኝ። ‹እናቴ፣ ልጅዎን ልወስዳት ነው፤ ፈቃድዎን› አለኝ። ተንበርክኮ። መረቅሁት። በአፌ መረቅሁት። እሁድ ስትወጡ ድንቡሼ ገና ተኝታለች፣ ቤቱ ጭር አለ። እንዲህ ሊሆን ነው አልኩ። እዚያ ደረጃ ላይ ብወድቅ በስንተኛው ቀን ያገኙኛል ብዬ አሰብኩ። አራት ቀን አልኩ፤ ጎረቤቶቹ እስኪሸታቸው። ከዚያ ብርድ ልብሱን አንስቼ ነከርኩት።»

«ስልኩንስ?»

«ሲጮህ አጠገቤ ነበር።»

ተነስቼ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ሰው ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። የምላትን ሁሉ እዚያው ብቻዬን አልኳት። ብዬ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱን ለማንም ማለት አልቻልኩም። እማዬ የሰቀለችው ብርድ ልብስ ነው። ደረጃው ላይ ቆሞ ሲለምነኝ፣ ልጄ ደህና መሆኗን በዓይኔ አይቼ እያለ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም የእኔ ነበሩ።

ቀዶ ጥገናው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እማዬ ድና መጣች፤ የተናገረችውም አብሯት መጣ። ለአሥር ቀን ከእሷ ጋር የተነጋገርነው ስለ ዓይን ጠብታ ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደወልኩለት። ቁጥሩን ከስልኬ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ከጭንቅላቴ ግን አልጠፋም። ቢያንስ ይወቅ አልኩ። እንዳልናቅሁት ይወቅ። ምን እንደምለው ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ሃሎ፣ ዶክተር?»

ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ድምፄን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የሚናገረው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ልጄ ትኩሳት ይዟታል። ሰባት ወሯ ነው። እናቷ ሥራ ሄዳለች፣ ስልኳን አታነሳም። ነርሷ ዛሬ የለችም፤ ዶክተሩ እደውላለሁ ብሎ አልደወለም። ሠላሳ ስምንት ተኩል ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ብዙ ነው? ብዙ ነው አይደል?»

ያ «ሰው አልሞተም እኮ» ያለኝ ሰው ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቴን አጠፍኩት።

«ትጠባለች? ትጠጣለች?»

«ትጠጣለች።»

«ስትጠራት ታይሃለች?»

«ታየኛለች። ትቆጣኛለች።»

«የምትቆጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ስንት ልብስ አልብሰሃታል?»

«ሦስት። እና ብርድ ልብስ።»

«አውልቅላት። አንድ ስስ ልብስ ይበቃታል። ቶሎ ቶሎ አጠጣት። በግማሽ ሰዓት ለካ። መጠጣት እምቢ ካለች፣ ወይ ከፈዘዘች፣ ወይ ከተንቀጠቀጠች ዶክተሩን አትጠብቅ፣ ይዘሃት ውጣ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ። አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። ሲያወልቅላት፣ ሲያባብላት፣ የማላውቀውን መዝሙር በተሳሳተ ዜማ ሲያንጎራጉርላት ሰማሁ። እማዬ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ለአሥራ አንድ ቀን ያልተቀመጠችበት ወንበር ላይ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አልተነሳሁም።

«ጡጦ ነው ወይስ ጡት በይው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጡጦውን ይቀቅል።»

በመጨረሻ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅበት ሲል ዘጋ። ከዚያ ሁለታችን ጠበቅን። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ውጭ ትጫወታለች፤ ወጥ ምድጃ ላይ አለ፤ ማንም አልተነሳለትም። እማዬ በየደቂቃው «አልላከም?» ትላለች። እኔ «አልላከም» እላለሁ። እኩለ ቀን ሲሆን መልእክቱ መጣ።

«ሠላሳ ሰባት ከስድስት። ጡጦዋን ጨርሳ ተኛች።»

ለእማዬ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ጤነኛ ዓይኗን ጠረገች። ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ።

«ለመሆኑ ለምን ነበር የደወልሽልኝ?»

እማዬ ጣቴን እያየች ትንፋሿን ያዘች። ብዙ ጻፍኩ። ስለ ዓርቡ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሰኞና ረቡዕ። አነበብኩትና ሁሉንም አጠፋሁት።

«እንዲሁ ነው» ብዬ ላክሁለት። «ደህና መሆንህን ልወቅ ብዬ።»

ውሸት አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ላውቀው የፈለግሁት እሱኑ ነበር።